በአሌክሳንድሪያ ተቀምጬ የመታሁት ማሲንቆ

ይህ ታሪክ ለመጻፍ ይበቃል ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። እውነቱን ለመናገር አሁንም አልቆረጥሁም። እኔ በረሃ አላቋረጥሁም፤ ጀልባ አልተገለበጠብኝም፤ ድንበር ላይ ማንም አላሳደደኝም። ዲቪ ደርሶኝ፣ ፓስፖርቴን ይዤ፣ በአውሮፕላን ምሳና እራት እየቀረበልኝ ነው የመጣሁት። በሰሃራ ያለፉ ልጆች ይህን ቢያነቡ «ይቺ ደግሞ ምን ሆንሁ ልትል ነው?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ የደረሰብኝን ለማን እንደምናገረው አጣሁ። አገር ቤት ያላችሁም እዚህ ያላችሁም ካነበባችሁት፣ አንድ ሰው «ልክ ነሽ» ወይም «ተሳስተሻል» ይለኝ ይሆናል። ዝም ከመባል ሁለቱም ይሻሉኛል።

አባቴ ጎንደር ውስጥ አዝማሪ ነው። አያቴም አዝማሪ ነበር። በእኛ ሙያ ወንዱ ማሲንቆ ይመታል፣ ሴቷ ታቀነቅናለች። እኔ ግን ወንድም ስላልነበረኝ አባቴ ማሲንቆ አስተማረኝ፤ በጓዳ። እንግዳ ሲመጣ ከእጄ ይቀበለኝና «አንቺ እልል በይ» ይለኝ ነበር። ሰዉ በጣም ይወደናል። ያለ እኛ ሠርጉ አይደምቅም፣ ሐዘኑ አይወጣለትም። ልጁን ግን ለእኛ አይድርም።

ከአገር ልወጣ ዋዜማው ማታ አባቴ ሥራ ላይ ነበር። በማግስቱ ጠዋት በራሪ ነኝ፤ ቅዳሜ ስለሆነ ግን የሚሠራበት ቤት ጢም ብሏልና ቀርቶ አብሮኝ ሊያመሽ አልቻለም። ስለዚህ እኔ ሄድሁለት። በሩ ጥግ ሆኜ አየሁት። እንግዶቹ ተቀምጠዋል፤ እርሱ ቆሞ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ይዞራል። አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ እርሱ ያንኑ በዜማ ይመልሳል። አንድ ሞቅ ያለው ሰው ልጁ አሜሪካ ልትሄድበት መሆኑን ሰምቶ ስለ እኔ ስንኝ ሰጠው። አባቴ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ እምቢ አለው። ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ቤት ስንመለስ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረውን የአያቴን ማሲንቆ አውርዶ በነጠላ ጠቀለለው። «ለአክስትሽ አሳያት። ድምፁን ስትሰማ ታለቅሳለች» አለኝ። አክስቴ የእርሱ ታናሽ እኅት ናት፤ እኔም እቴቴ ነው የምላት። በዲቪ ቀድማኝ የመጣች፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር፣ አዛውንት በመንከባከብ የምትሠራ ሴት ናት።

አሜሪካ ስደርስ የአየር ማረፊያው ተቆጣጣሪ ነጠላውን ፈታው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሙዚቃ መሣሪያ ነው፣ ጌታዬ።»

«ከምን የተሠራ?»

«ቆዳው የፍየል፣ ክሩ የፈረስ ጭራ ነው።»

«ፍየሉ በሽታ ነበረበት?»

«አላውቅም፣ ጌታዬ። ሲታረድ እኔ አልተወለድሁም ነበር።»

«ፈረሱስ?»

«ፈረሱ ጭራውን ሰጥቶ ሄደ ነው የሚባለው።»

እኔ የተጠየቅሁትን በጥንቃቄ መመለሴ ነበር፤ እርሱ ግን ከቀልድ ቆጠረብኝ መሰለኝ ሳቀና አሳለፈኝ።

ድምፁን ስትሰማ ታለቅሳለች ያለው አባቴ ተሳስቷል። አክስቴ ድምፁን እስክትሰማ አልጠበቀችም። በነጠላው ውስጥ ቅርጹን እንዳየች በሩን ቆለፈች፤ ቀጥላ መጋረጃውን ዘጋች።

«ማን አየሽ? ሊፍት ውስጥ ሐበሻ ነበረ?»

«አንድ እናት ነበሩ እቴቴ። ሰላም አልኋቸው።»

«ምን ብለው ጠየቁሽ?»

«ከየት መጣሽ አሉኝ።»

«ስለ ዕቃው ነው የምልሽ!»

«ስለ ዕቃው አልጠየቁኝም።»

«ተመስገን» አለችና ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «ስሚኝ ትርንጎ። እዚህ አገር አያትሽ የቅኔ መምህር ነበሩ። አባትሽ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ገባሽ?»

አገር ቤት ሳለ ሕፃን ሳይቀር «አንተ» ይለው የነበረው አያቴ፣ ባሕር ማዶ «አንቱ» ተብሎ፣ ጠምጥሞ ጠበቀኝ። ማሲንቆውን በፎጣ ጠቅልላ ከምንጣፍ መጥረጊያው ቫክዩም ኋላ፣ ልብስ ማስቀመጫው ክሎዜት ውስጥ አስገባችው።

ምክንያቷን ኋላ ተረዳሁ። ልጇ ሳራ ናሆም ለሚባል ልጅ ታጭታለች። የናሆም ቤተሰብ ደግሞ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ነው። ሳራ ስለ ነገሩ ስትሰማ ትከሻዋን ነቅንቃ «ማሚ፣ ናሆም ዳዝንት ኬር። ኢትስ ጀስት ሚውዚክ» አለች።

«ናሆም ባይገደው እናቱን ይገዳቸዋል። የምታገቢው ናሆምን ብቻ መሰለሽ?» አለቻት አክስቴ።

ክረምቱ መጣ። የእኛ አገር ብርድ ጋቢ ከደረቡለት ይመለሳል፤ የዚህ ግን እንደ ተከራካሪ ዘመድ ቤት ድረስ ተከትሎ ይገባል። ጠዋት ኮሌጅ እማራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ጣቶቼ በራሳቸው ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። አንድ ቀን ሒሳብ የሚሰጠን መምህር «የነርቭ ችግር አለብሽ?» ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። ሰው ሳይሰማኝ የማለቅስበት ቦታ የሕንፃው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ብቻ ነበር፤ ማሽኖቹ ይጮኻሉና።

እንዲህ እንደ ሆንሁ የሙዚቃ ኮርሳችን ላይ ኢንግሪድ የምትባል ስዊድናዊት አሮጊት እንግዳ ሆና መጣች። ኒከልሃርፓ የሚባል መሣሪያ ይዛለች። በደጋን ይመታል፤ እንደ ፒያኖ የሚጫኑት የእንጨት ቁልፍም አለው። የማይነኩ ክሮቹ ከሥር አብረው ያንጎራጉራሉ። ያንን ስሰማ ከወንበሬ ብድግ አልሁ። ሌላ ሰው ደስ አለው፤ እኔ ግን ቤቴ ነው የተሰማኝ። ከክፍል በኋላ ተከትያት ሄጄ ስለ ማሲንቆው ነገርኋት።

«ቅዳሜ አምጪው። ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እንሰበሰባለን» አለችኝ።

«ችሎታዬን አላዩም እኮ።»

«ፈተና የለውም። ወንበር ብቻ ነው ያለው።»

ለአክስቴ ላይብረሪ እሄዳለሁ ብዬ ማሲንቆውን በልብስ ሻንጣ ከተትሁት። ከቀዩ መስመር ባቡር ወደ ቢጫው ቀይሬ ደረስሁ። አዳራሹ ውስጥ ወንበሮች ክብ ሠርተዋል፤ ሽማግሌ፣ ወጣት፣ ቫዮሊን የያዘ፣ ዋሽንት የያዘ። አንዲት ሴት ዳቦ አቀረበችልኝ፤ ስቆርሰው ኮረሪማ ኮረሪማ ሸተተኝ። እነዚህ ሰዎች እንጀራ አያውቁም፣ በርበሬ አያውቁም፤ ኮረሪማን የሚመስል ቅመም ዳቦ ውስጥ መጨመሩን ግን ከየት አገኙት? እንባዬን በናፕኪን አበስሁ።

«አንቺም አንድ ነገር አሰሚን» አለች ኢንግሪድ።

እኔም የማውቀውን አደረግሁ። ተነሣሁ። ወደ ክቡ መሐል ገባሁ። አዝማሪ እንግዳ ፊት አይቀመጥም፤ እንግዳን ሳያወድስም አያልፍም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ሰው ስም እየጠየቅሁ፣ ፊቱ እየቆምሁ፣ አንዱን ጀግና አንዷን ውብ እያልሁ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ መዘመር ጀመርሁ። ኤሪክ የሚባለው ሽማግሌ ጋ ስደርስ «የሰሜን አንበሳ» አልሁት። ኤሪክ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ጆሮው እንደ ቲማቲም ቀላ፤ አንገቱን ደፋ። ቀጥሎ ያለችው ሴት ተራዋ ሳይደርስ ሽንት ቤት ሄደች።

ጨርሼ ደጋኑን አወረድሁ። ሁሉም ጫማ ጫማቸውን ያያሉ። የሞትሁ መሰለኝ።

«ድምፅሽ ድንቅ ነው። ነገር ግን ኤሪክን አትጨርሽብን» አለች ኢንግሪድ። ሁሉም ሳቁ፤ ኤሪክም ሳቀ። «እኛ ዘንድ ማንም ሰው ከሌላው በልጦ አይወደስም። ነይ፣ ከአጠገቤ ተቀመጪ። ዜማውን አንቺ ጀምሪ፤ ሁላችንም በአንቺ ፍጥነት እንከተላለን።»

«ለምን በእኔ?»

«አዲሷ አንቺ ነሽ። የሁላችንም ፍጥነት የአዲሱ ሰው ፍጥነት ነው።»

ተቀመጥሁ። በሰው ፊት ተቀምጬ ማሲንቆ ስመታ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ክንዴ መላው ጠፍቶት ደጋኑ ሲንሸራተት፣ ያ ሁሉ ሰው አብሮኝ ዘገየ። ማንም አልቀደመኝም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲሆን አልቀርም ነበር። ኢንግሪድ የነገረችኝን በራሴ አላጣራሁምና እንደ ሰማሁት እጽፈዋለሁ። በእነርሱም አገር ድሮ ቫዮሊን የወንድ ነበር አለችኝ። ሴቶቹ ተራራ ላይ ላም ሲጠብቁ በቀጭን ድምፅ ከብት ይጠሩበት የነበረው ዜማ፣ ዛሬ መድረክ ላይ የሚዜመው፣ ያኔ እንደ ሙዚቃ አልተቆጠረም። ጎረቤታቸው ኖርዌይ ውስጥ ሰባኪዎች ቫዮሊን የሰይጣን ነው ብለው ያስቃጠሉበት ዘመን ነበረ። ከመንደር መንደር የሚዞሩ የተናቁ ሕዝቦችም ነበሩ፤ ለሠርግ ይጠሯቸዋል፣ ቤታቸው ግን አያሳድሯቸውም።

«እነርሱማ የእኛ ዘመዶች ናቸው!» አልሁ ሳላስበው።

«ዛሬስ?» ብዬ ጠየቅኋት ደግሞ።

«ዛሬ ወጣት ሴቶች ናቸው የሚበዙት። ጭፈራችንን አይተሻል፤ ጥንድ ጥንድ ሆነን ፖልስካ ስንጨፍር መሪውን እንቀያየራለን። ድሮ ወንዱ ነበር። ይህንን እነዚሁ ወጣቶች ተጣልተው ነው ያመጡት። አለቀ እንዳይመስልሽ፤ እኛም አገር መድረክ ላይ የሚወጣውን የሚመርጠው ማን እንደ ሆነ ብትጠይቂ ገና ጠብ ይነሣል።»

አንድ ነገር ግን አልደብቅም። ሳይወደሱ የሚኖሩት እነዚያ ሰዎች አንዳንዴ ያሳዝኑኝ ነበር። ኤሪክ እንዲያ ቀልቶም ቢሆን፣ ሲወጣ በሩ ላይ ጠብቆ «አንበሳ ያልሽኝ ለምን ነበር?» ብሎ በሹክሹክታ ጠይቆኛል።

ሁዳዴ ላይ ክቡ ዝግጅት ሊያሳይ ነው ተባለ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአክስቴ ቤት ብዙ በማይርቅ አዳራሽ። ሐበሻ ያየኛል ብዬ ልቀር አሰብሁ። ነገር ግን «የመጀመሪያውን ዜማ የምትጀምሪው አንቺ ነሽ» አሉኝ፤ እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አልችልበትም። ተቀምጬ መታሁ። ኒከልሃርፓውና ቫዮሊኖቹ ከኋላዬ ሲገቡ የአያቴ ማሲንቆ በሕይወቱ ያን ያህል አጃቢ አግኝቶ አያውቅም። አንድ ሰው በስልኩ ቀረጸን። ቪዲዮው ከቴሌግራም ቴሌግራም ዞሮ የናሆም እናት ዘንድ ገባ።

በሚቀጥለው እሑድ የናሆም አጎት ጋሽ ታደሰ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር አክስቴ ቤት መጡ። ጋሽ ታደሰ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ በዕድር የተከበሩ ሰው ናቸው። የጾሙን ምግብ ቀመሱና ስልካቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ እስቲ ይቺ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ኮሌጅ ነው ጋሽ ታደሰ» አለች አክስቴ ቶሎ ብላ። «አሳይመንት ነው። ያዝዟቸዋል።»

«ወይዘሮ አስቴር፣ ኮሌጅ እንዲህ አያስተምርም። እኔ ጎንደር ወታደር ሳለሁ አዝማሪ ቤት ስንት አምሽቻለሁ። ይህ ከቤት የተወረሰ እጅ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «አባትሽ ምን ይሠራል?»

አክስቴን አየኋት። እርሷ ጠረጴዛውን ታያለች። ክሎዜት ውስጥ የታፈነው ማሲንቆ ሳይሆን፣ አባቴ ራሱ መሰለኝ።

«አዝማሪ ነው፣ ጋሼ» አልሁ።

አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ጋሽ ታደሰ በሳቅ ፈነዱ።

«ይኸው ነው? ለዚህ ነው እኛን ስትሸሹን የከረማችሁ? ዘመኑ እኮ ተለውጧል፤ አሜሪካ ነው ያለነው፣ ሰው ሁሉ እኩል ነው! እንዲያውም ተገላገልን። ለሠርጉ አዝማሪ ልናፈላልግ ነበር።»

አክስቴ እያለቀሰች ሳቀች። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። በዚያ ክፍል ያልተደሰትሁ እኔ ብቻ ነበርሁ።

«ጋሼ፣ በደስታ እጫወታለሁ። ግን ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጬ ይሁን» አልሁ።

«ተቀምጦ አዝማሪ? ተቀምጦ የሚቀድስ ቄስ አይተሻል? ትዞሪያለሽ እንጂ ልጄ! ሰው ስንኝ ይሰጥሻል፣ ይሸልምሻል።»

«የሙሽራዋ ዘመድ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ማን አይደለሽም አለ? ዘመድ ስለሆንሽ ነው እኮ የምንዝናናብሽ!»

ሲሄዱ አክስቴ እጄን ያዘች። «አንድ ቀን ብትቆሚ እግርሽ ይሰበራል? አለፈልን እኮ! ከተሳካ በኋላ አታበላሺብኝ።»

«እቴቴ፣ የናሆም የአክስት ልጅ ብሆን ኖሮ ያቆሙኝ ነበር?»

«እኔ ከዚህ ነገር ስሸሽ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። አንቺ በአንድ ዓመት ልታስተካክዪው ነው? ያስተማሩሽ እነዚያ ፈረንጆች ያስጠጉሽ እንግዲህ!»

ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ስካይላይን በሚባለው ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ አንድ የአገራችን ሴት ክፍል ያከራያሉ ተብዬ ሄድሁ።

«ይሄ ሻንጣ ውስጥ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ማሲንቆ ነው፣ እትዬ።»

«ልጄ፣ እኔ ጸጥታ ነው የምወደው። ባሌ ቢያንኮራፋብኝ እንኳ ሳሎን ነው የማስተኛው።»

«አልመታውም፣ እትዬ።»

«ካልመታሽው ለምን ተሸክመሽው ትዞሪያለሽ?»

ሻንጣውን ወደ ኋላዬ ሳብሁ። አከራዩኝ። በዚያ ክፍል ደጋኑን ክሩን ሳላስነካ በአየር ላይ እየሳብሁ ሰነበትሁ። አልጋው ላይ ተቀምጬ ራሴን እጠይቅ ነበር፦ ለአንድ ወንበር ብዬ ያለኝን አንድ ዘመድ ልጣ? ጠዋት «አዎ» እላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ስልኬን አንሥቼ አክስቴ ጋ ልደውል ስል ግማሹን ቁጥር መትቼ እተወዋለሁ።

የሠርጉ ሳምንት ሳራ ኮል አደረገችልኝ። «ፕሊስ ነይ። ማሲንቆ የለም፣ ምንም የለም። ከማሚ አጠገብ ወንበር አስይዤልሻለሁ። ዩ አር ማይ ሲስተር፣ ኦኬ?»

ሄድሁ፤ ባዶ እጄን። አዳራሹ አሌክሳንድሪያ ነበር። ወንበሩ እውነትም ከአክስቴ አጠገብ ነበረ። አክስቴ አላናገረችኝም፤ ግን ዶሮ ወጥ ሲመጣ እንቁላሉን ወደ እኔ ገፋችልኝ። ያቺን እንቁላል ሳይ ሁሉም ነገር የሚታረቅ መሰለኝ።

ከዚያ ጋሽ ታደሰ ማይክሮፎን ይዘው ተነሡ። «አሁን ደግሞ የሙሽሪት የአጎት ልጅ ታጫውተናለች!» ከአንድ ምግብ ቤት ግድግዳ የወረደ ማሲንቆ አመጡና ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ሳራን አየኋት፤ አፏን በእጇ ይዛለች። እርሷም አላወቀችም።

ደጋኑን አነሣሁ። ወንበሬን ወደ ሙሽሮቹ አዞርሁና እንደ ተቀመጥሁ ጀመርሁ፤ አባቴ ለሙሽራ የሚመታውን ዜማ፣ ቀስ ብዬ። ከኋላ «አናይሽም፣ ተነሺ!» አሉ። ቀጠልሁ። «ተነሺ! ተነሺ!» እያሉ ማጨብጨብ ጀመሩ። ደስ ብሏቸው ነው፤ ክፋት አልነበረባቸውም። አክስቴ በጆሮዬ «ስለ እመብርሃን ተነሺልኝ» አለች። ጋሽ ታደሰ ዶላር ይዘው መጡ፤ ቆሜ ስላልጠበቅኋቸው አጎንብሰው ግንባሬ ላይ ለጠፉት። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

ደጋኑ ቆመ። ዶላሩን ከግንባሬ አንሥቼ ሳህኔ አጠገብ አስቀመጥሁት፤ ማሲንቆውን ወንበሩ ላይ አስቀመጥሁት፤ ወጣሁ። ማንም አልተከተለኝም።

አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሆኜ አባቴ ጋ ደወልሁ። እዚያ መሽቷል፤ ሥራ ላይ ነው።

«ትርንጎ! ሠርጉ እንዴት ነው? ጮክ በይ፣ ቤቱ ሞልቷል።»

ሁሉንም ነገርሁት።

«አስቴር ምን አለች?»

«ተነሺ አለችኝ።»

«አንቺስ?»

«ተቀምጬ መታሁ፤ ከዚያ ትቼ ወጣሁ።»

ከኋላው ሰዎች ስሙን ይጠራሉ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ቆሜ ነው ያሳደግሁሽ» አለኝ።

«አንተ ስለ ቆምህ ነው እኮ የተቀመጥሁት፣ አባዬ።»

«እኔ ስለ ቆምሁ ምን?»

ኢንግሪድ የነገረችኝን ሁሉ አስታወስሁ፤ አንዱም ለአባቴ የሚነገር አልነበረም። «እየጠሩኝ ነው» አለና ዘጋው። መልሼ ብደውል አላነሣም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተደዋውለናል፤ ስለ ጤናችን፣ ስለ ትምህርቴ እናወራለን። ያን ጥያቄ እርሱም አልደገመው፣ እኔም አልመለስሁለትም። አክስቴ ግን በሯን ዘግታብኛለች። የእርሷና የእኔ ነገር ያበቃው በዚያው ዕለት፣ በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ነው።